ሁለቱ መርፌዎች ሲለያዩ

ፍሪሲዮኑ መንሸራተት የጀመረ መኪና ይዞ ጋራዥ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «አልቋል፣ ይቀየር።» መልሱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ትክክል ባልሆነ ጊዜ ግን ባለመኪናው ካምቢዮ ማስወረጃ ከፍሎ፣ አዲስ ሸራ አስገብቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ያው ችግር ይመለስበታል። የሚከተለው ምልልስ ከዚያ ክፍያ በፊት መታወቅ ስለሚገባው ነገር ነው። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ በሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖርና የ1990 ሞዴል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያላት ወጣት ናት፤ ሌላው ሙያውን አገር ቤት በጭነት መኪና ላይ የተማሩ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ላይ ለሕዝብ የታየች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ በኋላ ጎማ የምትሄድ ቀላል የስፖርት መኪና ናት። አሜሪካ ውስጥ ሚያታ ይሏታል።

ባለመኪናዋ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? በስልክ የነገርኩዎት መኪና ይቺ ናት። ሌላ ቦታ አሳይቻት ፍሪሲዮኗ ስላለቀ ካምቢዮው ወርዶ ሙሉ ዕቃው ይቀየር ብለውኛል። እርስዎም አይተው ከተስማሙ አሠራታለሁ።

መካኒኩ፦ እግዜር ይመስገን ልጄ። እነሱ ያሉሽን ለጊዜው እንተወውና አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ። መኪናዋ ምን አደረገች?

ባለመኪናዋ፦ ከፍሮንት ሮያል ተነስቼ ስካይላይን ድራይቭን እየወጣሁ ነበር። አራተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። አቀበቱ ሲበረታ ነዳጅ ጨመርኩ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን በነበረችበት ፍጥነት ቀረች። ነዳጁን ለቀቅ ሳደርግ ጩኸቱ ወረደና እንደገና ያዘች።

መካኒኩ፦ ዙር መቁጠሪያውን አይተሽዋል?

ባለመኪናዋ፦ አይቼዋለሁ። 2,200 ላይ የነበረው ከ3,000 አለፈ። ፍጥነት መለኪያው ግን 35 ማይል ላይ እንደቆመ ነው።

መካኒኩ፦ ጎበዝ። የፍሪሲዮን ምርመራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰው ሽታ ይላል፣ ድምፅ ይላል፣ «ደከመችብኝ» ይላል። እነዚህ ሁሉ ምልክት ናቸው፤ ማስረጃው ግን ሁለቱ መርፌዎች ናቸው። ፍሪሲዮኑ በደንብ ከያዘ ሞተሩና የኋላ ጎማው በብረት ተያይዘዋል፤ በመሃላቸው ያለው የጥርስ ብዛት ብቻ ነው። የጥርስ ብዛት ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም፣ ሜዳ ላይም አቀበት ላይም አይለወጥም። ያንቺ መኪና አራተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ነው፤ ሞተሩ አንድ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግም አንድ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 4.3 ለ1 ነው። ጎማው ፋብሪካው ያወጣው 185/60 ባለ14 ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.81 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 60 ማይል ስትነጂ በደቂቃ 1,609 ሜትር ሄድሽ ማለት ነው። እስቲ ለ1.81 አካፍይውና በ4.3 አባዢው።

ባለመኪናዋ፦ በስልኬ ላስላው... ከ3,800 ትንሽ ይበልጣል።

መካኒኩ፦ በቃ፣ በ60 ማይል አራተኛ ላይ 3,800 ገደማ ማየት አለብሽ። አምስተኛው 0.814 ስለሆነ ወደ 3,100 ይወርዳል። በ35 ማይል አራተኛ ላይ ደግሞ 2,200 ገደማ ነው፤ አቀበቱ ሳይበረታ ያየሽው ቁጥር እሱ ነው። እንግዲህ በዚያው 35 ማይል ሞተሩ 3,000 ካሳየ፣ ትርፉ 800 ዙር የት ገባ? ከሞተሩ ወጥቷል፣ ካምቢዮው ጋ አልደረሰም። በሁለቱ መካከል ያለው ፍሪሲዮን ብቻ ነው።

ባለመኪናዋ፦ ጎማው በባዶ ዞሮ ቢሆንስ? መንገዱ እርጥብ ነበር፤ ይቺ መኪና ደግሞ ከኋላ ቀላል ናት።

መካኒኩ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ባንቺ መኪና ላይ ፍጥነት መለኪያውን የሚያዞረው ከካምቢዮው ጭራ የሚነሳ ገመድ ነው። ጎማው በባዶ ሲዞር ካምቢዮውም አብሮ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ሁለቱም መርፌ አንድ ላይ ይዘላል። ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ግን ከካምቢዮው በፊት ነው የሚንሸራተተው፤ የሞተሩ መርፌ ብቻውን ይሸሻል። ሞተሩ ራሱ ከደከመ ደግሞ፣ ካንዴላ ቢበላሽ፣ ነዳጅ ቢያንስ፣ ሁለቱም መርፌ አንድ ላይ ይጎተታል። ሦስቱን በሽታ በመርፌ ትለያቸዋለሽ፤ ምንም ነገር መፍታት አያስፈልግም።

ባለመኪናዋ፦ በአዲስ መኪናም እንዲሁ ነው? ወንድሜ አዲስ የስፖርት መኪና አለው፤ ፍጥነቱን የሚያነበው በሴንሰር ነው።

መካኒኩ፦ በአዲሶቹ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ የሚነበበው ከየጎማው ሴንሰር ስለሆነ የጎማው ነገር ትንሽ ይለያል፤ ደረቅ መንገድ ላይ መሞከር ነው። የሞተሩና የማርሹ ሂሳብ ግን ያው ነው። እንዲያውም ለነሱ ይቀላል። ከ1996 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖች ኦቢዲ-2 መሰኪያ አላቸው፤ ርካሽ አንባቢ ሰክተሽ የሞተሩን ዙርና ፍጥነቱን አብረሽ ትመዘግቢያለሽ። ዙሩን ለፍጥነቱ ስታካፍይው በአንድ ማርሽ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር መምጣት አለበት። ቁጥሩ በስሌት ካወጣሽው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ቢሆንም ባለበት ይረጋል። ነዳጅ በረገጥሽ ቁጥር እያደገ የሚሄድ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ነው።

ባለመኪናዋ፦ እኔን ግራ ያጋባኝ ሌላ ነገር አለ። አንድ ሰው የእጅ ፍሬን ይዘሽ፣ ሦስተኛ አስገብተሽ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቂ፤ ሞተሩ ከጠፋ ደህና ነው አለኝ። አደረግኩት፣ ወዲያው ጠፋ።

መካኒኩ፦ ያ ሙከራ የሚነግርሽ ፍሪሲዮኑ ፈጽሞ ሞቶ እንደሆነ ብቻ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከጠፋ ግን ገና ምንም አላወቅሽም። ነዳጅ ያልተሰጠው ሞተር የሚያወጣው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ፣ የታመመ ሸራም ችሎ ያቆመዋል። ፍሪሲዮን ታመመ የምንለው የመያዝ አቅሙ ሞተሩ ሊያወጣ ከሚችለው ጉልበት በታች ሲወርድ ነው። ያንቺ 1.6 ሊትር ሞተር ሲበረታ 136 ኒውተን ሜትር ይጠመዝዛል። 100 ብቻ መያዝ የሚችል ሸራ ከተማ ውስጥ ምንም አይታወቅበትም፤ ቀስ ብለሽ ትነሻለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትሄጃለሽ። አቀበት ላይ ሙሉ ነዳጅ ስትጠይቂው ነው የሚጋለጠው። ስለዚህ መሞከር ያለበት እዚያው ከባዱ ላይ ነው።

ባለመኪናዋ፦ እንዴት ነው የሚሞከረው?

መካኒኩ፦ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ከኋላሽ መኪና የሌለበት፣ ረዘም ያለ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ደረቅ መንገድ ፈልጊ። በ40 ማይል አምስተኛ አስገቢ፤ ሞተሩ 2,000 ትንሽ አለፍ ብሎ ይዞራል። ከዚያ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ርገጪው፣ ፔዳሉን በመሃል እንዳትነኪ። በትልቅ ማርሽ ላይ መኪና ቶሎ አትፈጥንም፤ መርፌው በዝግታ ነው መውጣት ያለበት። ዘሎ ከወጣ ተንሸራቷል። በትንሽ ማርሽ የሞከርሽ እንደሆነ መኪናዋ ራሷ ቶሎ ስለምትፈጥን የመርፌው ሩጫ ከየትኛው እንደመጣ አይለይም። አንዴ ካየሽ ይበቃል፤ ደጋግመሽ አታድርጊው። እያንዳንዱ መንሸራተት ሸራውን ያቃጥላል።

ባለመኪናዋ፦ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ?

መካኒኩ፦ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ። ሞተሩ 136 ኒውተን ሜትር እየጠመዘዘ ሸራው በደቂቃ 1,000 ዙር ቢንሸራተት፣ እዚያ ውስጥ 14 ኪሎዋት ሙቀት ይፈጠራል። አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ ባንድ ጊዜ ተለኩሶ ከአንዲት 20 ሳንቲ ሜትር ሸራ ላይ እንደተጣደ ቁጠሪው። ሸራው ይከስላል፣ ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ፊት ደግሞ ይባስ ያንሸራትታል። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ የእሳት ነጠብጣብ ይወጣል። እኔ ሥራ የለመድኩት በፊያት ኤን ትሬ ነው፤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ጭነት ይዘው ሲወጡ ሽታው ከመኪናው ቀድሞ ይደርስ ነበር። ያ ሽታ አንዴ አፍንጫሽ ውስጥ ከገባ አይጠፋሽም። ግን ሽታ የሚነግርሽ ሸራ መቃጠሉን ነው እንጂ ለምን እንደተቃጠለ አይነግርሽም።

ባለመኪናዋ፦ ለምን የሚለው ያን ያህል ለውጥ አለው? የተቃጠለ ሸራ መቀየሩ አይቀርም።

መካኒኩ፦ እዚህ ላይ ነው እኔና ብዙ ጋራዦች የማንስማማው። መንሸራተቱን ማረጋገጥ አንድ ነገር ነው፣ ያንሸራተተውን ማግኘት ሌላ። ሸራውን የያዘው ምንድን ነው ብለሽ አስቢ። አንድ ክብ ሞላ አለ፤ ሸራውን በቮላኖውና በተጫኙ ሳህን መሃል ጨፍልቆ ይይዘዋል። የመያዝ አቅሙ የሚመጣው ከሞላው ግፊት፣ ከሸራው ፊት ሻካራነትና ከሸራው ስፋት ነው። ስፋቱ አይለወጥም። ስለዚህ ወይ ሸራው አልቆ ሞላው ተዳክሟል፣ ወይ ፊቱ ላይ ዘይት ወይም ቃጠሎ አለ፣ ወይም ደግሞ ሞላው ደህና ሆኖ ሳለ የሆነ ነገር በስተጀርባው እየገፋ ሙሉ ኃይሉን እንዳያሳርፍ ከልክሎታል። ይሄ የመጨረሻው ነው የሚረሳው። እሱ ሳይታይ አዲስ ሸራ ብታስገቢ አዲሱም ይቃጠላል።

ባለመኪናዋ፦ ዘይት ያሉትስ? እነሱ ከታች የዘይት እርጥበት አይተው የሞተሩ የኋላ ማሸጊያ ጎማ እንደሚያፈስ ነግረውኛል። እሱንም አብረው ሊቀይሩ ነው።

መካኒኩ፦ ሊሆን ይችላል፤ የፖርሽ 996ንና የቦክስተርን ሞተር ብትጠይቂ የኋላ ማሸጊያው ማፍሰስ የታወቀ ታሪክ ነው። ባንቺ መኪና ግን መጀመሪያ የሚታይ ሌላ ቦታ አለ። ከቴስታታው ጀርባ፣ ከካም ዘንጉ ጫፍ ላይ የተሰካ ሴንሰር አለ፤ ውስጡ አንዲት ኦሪንግ አለች። ኦሪንጓ ስትደርቅ ዘይቱ የሞተሩን ጀርባ ይዞ ይወርድና በካምቢዮው ደወል ስር ይንጠባጠባል። ከታች ለሚያይ ሰው የኋላ ማሸጊያው ነው የሚመስለው። በባትሪ መብራት ከላይ ማየት ነው፤ ከሴንሰሩ ስር ርጥብ ከሆነ ዘይቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የምትቀየረው ካምቢዮ ሳይነካ ነው፣ ዋጋዋም የቡና ዋጋ ነው። ይህ ዘይት በደወሉ ውጪ ስለሚወርድ ሸራው ላይ እምብዛም አይደርስም። የኋላ ማሸጊያው ሲያፈስ ግን ከውስጥ ነው፤ ያኔ መስጋት ያስፈልጋል።

ባለመኪናዋ፦ የካምቢዮ ዘይት ቢሆንስ?

መካኒኩ፦ እሱም ከፊት ባለው ማሸጊያ ሊወጣ ይችላል። በአፍንጫሽ ትለይዋለሽ፤ የካምቢዮ ዘይት የድኝ ሽታ አለው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመንሸራተቱ በፊት ፍሪሲዮኑ ላይ የተነካ ነገር አለ?

ባለመኪናዋ፦ አለ። ስገዛት ኋላ ማርሽ ስታስገባ ትጮህ ነበር፤ ቆማ አንደኛ ለማስገባትም ያስቸግር ነበር። ሻጩ የወሰዳት ጋራዥ የላይኛውን ፖምፓ ቀየረና ተሻላት። ፔዳሉም ከበፊቱ ከፍ ብሎ ነው የሚይዘው።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ሁለት ተቃራኒ በሽታ ነው የነገርሽኝ። ማርሽ ሲጮህ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ብሏል ማለት ነው፤ ሞተሩ ሲሸሽ ደግሞ አልይዝ ብሏል። አለመልቀቅ በአብዛኛው ፍሪሲዮኑን የሚገፋው የፍሬን ዘይት ጣጣ ነው፤ ፖምፓው ያፈሳል ወይም አየር ገብቶበታል፣ ግፊቱ ሙሉ አይደርስም። በነዚህ መኪኖች ላይ ካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው ፖምፓ ጎማው ቶሎ ይደክማል። እነሱ የቀየሩት የላይኛውን ነው። የታችኛው ደካማ ሆኖ ከቀረ፣ ፔዳሉ በደንብ እንዲለቅ ምን ያደርጋሉ? ፔዳሉንና ፖምፓውን የሚያገናኘውን ዘንግ ያስረዝሙታል። ማርሹ መጮኹን ያቆማል፣ ባለመኪናውም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ባለመኪናዋ፦ ታዲያ ምን ክፋት አለው?

መካኒኩ፦ ሥራውን ልንገርሽ። ፔዳሉን ስትረግጪ የላይኛው ፖምፓ ፒስተን ዘይቱን ይገፋል። ዘይቱ በቱቦ ሄዶ የታችኛውን ይገፋል፣ እሱ ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው የሞላውን ጣቶች። ያኔ ሸራው ይለቀቃል። እግርሽን ስታነሺ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የላይኛው ፒስተን እስከ ጥጉ ሲመለስ ደግሞ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ ትከፈታለች፤ በቱቦው ውስጥ የተረፈው ዘይት በሷ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ዘንጉ ከረዘመ ፒስተኑ ጥጉ ድረስ አይመለስም፣ ቀዳዳዋም ዝግ ትሆናለች። ጠዋት ሁሉም ቀዝቃዛ ስለሆነ ምንም አይታወቅም። ሞተሩና የጭስ ማውጫው ሲሞቁ ዘይቱም ይሞቃል፣ ይሰፋል። መሄጃ የለውም። የታችኛውን ፖምፓ ይገፋል። አንቺ እግርሽን ከፔዳሉ አንስተሻል፤ መኪናዋ ግን ፔዳሉ በትንሹ እንደተረገጠ ነው የምትሄደው።

ባለመኪናዋ፦ ጠዋት ጠዋት ደህና ናት! የምትብሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

መካኒኩ፦ ይጠቅመናል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ያለቀ ሸራም ሲሞቅ ይብስበታል፣ ሻካራነቱ ስለሚቀንስ። ልዩነቱን የሚያወጣው መንካት ነው። ፔዳል ገና መግፋት ሳይጀምር ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል በባዶ መውረድ አለበት። ያ ነፃ እንቅስቃሴ ከሌለ ቀዳዳዋ ዝግ እንደሆነች ጠርጥሪ። አሁን ነድተሽ አሙቂያትና አምጪልኝ።

(መኪናዋ አቀበት ወጥታ ከነሙቀቷ ተመለሰች፤ ክሪክ ላይ ወጥታ ምልልሱ ቀጠለ።)

መካኒኩ፦ ፔዳሉን በእጅሽ ጫኚው።

ባለመኪናዋ፦ ወዲያው ይጠጥራል። በባዶ የሚወርድ ነገር የለውም።

መካኒኩ፦ አሁን ወደ ታች ነይ። ይሄ የታችኛው ፖምፓ ነው፣ ይሄ ሹካው። ደህና ቢሆን ሹካውን ወደ ፖምፓው ስገፋው ቀስ እያለ መሄድ ነበረበት፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለሳላ። እይው፣ እንደ ድንጋይ ነው። ጓንት አድርጊና ዞር በይ፣ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ሩብ ዙር ላላላት ነው።

ባለመኪናዋ፦ ውይ! ተረጨ።

መካኒኩ፦ ማንም ፔዳል አልረገጠም፤ ደህና ቢሆን ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ይህ ግፊት ነው ሞላውን ሲገፋ የነበረው። አሁን ሹካውን ስገፋው ሄደ፣ አየሽ? እንዲህ ያለውን ነገር አሮጌ የጎማ ቱቦም ያደርገዋል፤ ውስጡ አብጦ ዘይት ይሄድበታል፣ አይመለስበትም። ለዚህ ነው ዘንጉን ብቻ አስተካክዬ የማልለቅሽ፤ ቱቦውም የታችኛው ፖምፓም ይቀየራሉ። ዋናው በሽታ የነበረው የታችኛው ፖምፓ ነው፤ እሱን በጊዜው ቢቀይሩት ኖሮ ዘንጉን ማስረዘም ባላስፈለገ።

ባለመኪናዋ፦ ታዲያ ሸራው ደህና ነው ማለት ነው?

መካኒኩ፦ እንደዚያ አላልኩም፤ ይህን መዋሸት አልፈልግም። ተንሸራቶ የቆየ ሸራ ጉዳት ደርሶበታል። ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው የሚገፋው ነገር ከተነሳለት በኋላ ነው። ትንሽ ብቻ የለሰለሰ ከሆነ በደንብ መያዝ ሲጀምር ፊቱ ይመለሳል። ቃጠሎው ጠልቆ ከገባ አይመለስም፤ ያኔ ካምቢዮው ይወርዳል። የማልቀበለው ይህን ሳያውቁ ማውረድን ነው። በዚህ መኪና ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በረጅም የአሉሚኒየም አካል ተያይዘዋል፤ እሱን ፈትቶ መልሶ በልኩ ማሰር ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። አዲስ ሸራ አስገብተው ዘንጉን እንዲሁ ትተውት ቢሆን ኖሮ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲሱን ሸራ አቃጥለሽ ትመለሽ ነበር። አንቺን ደግሞ «አነዳድሽ ነው» ይሉሽ ነበር።

ባለመኪናዋ፦ በእውነቱ እሱንም ብለውኛል። ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ትይዣት ይሆናል አሉኝ።

መካኒኩ፦ ትይዣታለሽ?

ባለመኪናዋ፦ አልይዛትም። በእጅ ፍሬን ነው የምነሳው፤ አባቴ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው።

መካኒኩ፦ አባትሽ ይባረክ። መኪና በፍሪሲዮን ዳገት ላይ ማቆም፣ እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት፣ በከፍተኛ ዙር ፍሪሲዮንን በድንገት መልቀቅ፣ ሦስቱም ሸራ ይበላሉ። ግን አነዳድን መውቀስ የሚቻለው መኪናው ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ነው። ወንድምሽንም አንድ ነገር ንገሪልኝ። አዲሶቹ ባለ ቱርቦ መኪኖች በኮምፒዩተር ጉልበታቸው ሲጨመር ፍሪሲዮኑ የፋብሪካው ሆኖ ይቀራል። ሸራው አላለቀም፣ ዘይት አልነካውም፣ ማንም አይገፋውም፤ ከአቅሙ በላይ ስለተጠየቀ ብቻ ይንሸራተታል። ያንቺ መኪና እንኳ በ1994 ሞዴል ሞተሯ 1.8 ሊትር ሲሆን ፋብሪካው ሸራውን ከ200 ወደ 215 ሚሊ ሜትር ነው ያሳደገው። ጉልበት ሲጨመር ፍሪሲዮንም አብሮ መታሰብ አለበት።

ባለመኪናዋ፦ ካምቢዮው መውረዱ ካልቀረስ? ምን ምን ልጠይቅ?

መካኒኩ፦ አሮጌውን ሸራ አሳዩኝ በያቸው፤ ይህ መብትሽ ነው። ሸራው ተበልቶ ሪቬቱ ጋ ደርሶ ከሆነ ዕድሜው ነው። ውፍረት እያለው ፊቱ ጥቁርና አንጸባራቂ ከሆነ ተንሸራቶ ነው የተቃጠለው፤ ምክንያቱን ይንገሩሽ። ርጥብ ከሆነ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አዲስ አይገባም። ቮላኖው ተለክቶ ይታረስ፤ ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ባላቸው መኪኖች ግን እንደ ሁኔታው መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ኩሽኔታዎቹና የኋላ ማሸጊያው ካምቢዮው ከወረደ አይቀር አብረው ይቀየሩ፤ ዕቃቸው ርካሽ ነው፣ የሚያስከፍለው ማውረዱ ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ማይሎች በዝግታ፣ ከተማ ውስጥ ማርሽ እየቀየሩ መንዳት ነው፤ አዲስ ሸራ ፊቱ እስኪገጥም ሙሉ ነዳጅ አይሰጠውም።

ባለመኪናዋ፦ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው ይላሉ። እዚህ ማንዋል መኪና የሚነዳ ጓደኛ የለኝም።

መካኒኩ፦ አገር ቤትም ወደዚያው እየሄደ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ የሚገቡት ኤሌክትሪክ ናቸው፣ ፍሪሲዮን የላቸውም። ያሉት አሮጌዎች ግን ገና ብዙ ዘመን ይሄዳሉ፤ ባለቤቶቻቸውም እንዳንቺው «ይቀየር» ይባላሉ። ስለዚህ ይህን ምርመራ ወጣቶቹ መካኒኮች ቢማሩት ደስ ይለኛል። መርፌ ማንበብና ፔዳል በእጅ መንካት ገንዘብ አይጠይቅም።

ባለመኪናዋ፦ እሺ ጋሼ፤ አሁን ምን እናድርግ?

መካኒኩ፦ ዛሬ የታችኛውን ፖምፓና ቱቦውን እቀይራለሁ፣ ዘንጉን ወደ ልኩ አሳጥራለሁ፣ አየሩን አስወጣለሁ፣ የሴንሰሯንም ኦሪንግ አብሬ እቀይራለሁ። ከዚያ ለጥቂት ቀን በልኩ ንጂያት፤ ሸራው ፊቱ ይመለስ እንደሆነ ዕድል እንስጠው። ቅዳሜ አቀበት ላይ በአምስተኛ ሙሉ ነዳጅ ሞክሪያትና፣ በ40፣ በ50 እና በ60 ማይል ላይ ያየሽውን ዙር ጽፈሽ አምጪልኝ። በ60 ማይል ከ3,100 አካባቢ ካልራቀ ካምቢዮውን አልነካም። መርፌው ዘሎ 3,500 ካሳየሽ ሸራው ሞቷል፤ ያን ጊዜ እኔው አወርደዋለሁ፣ ሸራውንም ከነምክንያቱ አሳይሻለሁ።